ደብረ ብርሃን ላይ ኤሲው ማሞቅ ሲያቅተው

ባለፈው ታኅሣሥ እማዬ በጠዋት ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ማሞቂያህ ራሱ በርዶታል መሰለኝ» አለች። አንድ ጥገና ሠራተኛ ሁለት ጊዜ መጥቶ ጋዝ ሞልቷል፣ ሁለቴም ተከፍሎታል፣ ቤቱ ግን ያው ነው። ቅዳሜ ሄድኩና በቀጥታ ከቤት ውጭ ወዳለው የኤሲው ክፍል ዞርኩ። ውርጭ እንዳይመታው ብላ በጆንያ ጠቅልላዋለች። ከጀርባው ደግሞ ኩበት እስከ ግድግዳው ተከምሯል። ጆንያውን ገፈፍኩት፣ ኩበቱን አነሳሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ እማዬ ሳሎን ተቀምጣ ጋቢዋን ከትከሻዋ አወረደች።

አልፈርድባትም። ሰው ሲበርደው ይለብሳል፣ ከብትም ሲበርደው በረት ይገባል። ይሄ ማሽን ግን ከለበሰ ይታፈናል። ስለዚህ ደብረ ብርሃንም ሆነ አንኮበር፣ መሐል ሜዳም ሆነ ጣርማበር የሚያሞቅ ኤሲ ያስገባችሁ ሰዎች፣ «ጋዝ ይሞላልኝ» ከማለታችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። ብዙ ጊዜ ችግሩ አየር ነው። አየር ካልሆነ መብራት ነው፣ መብራት ካልሆነ ቤቱ ነው። ጋዝ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

ማሽኑ እንደ ምድጃ ሙቀት አይፈጥርም። ከውጭ አየር ላይ ሙቀት ለቅሞ፣ በቧንቧው ውስጥ ለሚዞረው ጋዝ አሸክሞ ወደ ቤት ያስገባል። ፍሪጅ ከሆዱ ሙቀት አውጥቶ በጀርባው ይተፋው የለ? እዚህም እንደዚያ ነው፤ ግቢያችሁ የፍሪጁ ሆድ ሆነ፣ ሳሎናችሁ ደግሞ ጀርባው። ዜሮ ዲግሪ የሆነ አየር ውስጥም የሚለቀም ሙቀት አለ። ለማሞቅ ተብለው ከሚሠሩት ብዙዎቹ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ድረስ፣ አንዳንዶቹም 15 ድረስ ይሠራሉ፤ የእናንተው ስንት እንደሚችል ከማሽኑ ጋር የመጣው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። የእኛ ውርጭ ከባድ ነው፣ ግን ማሽኑን ከሥራ የሚያስወጣ አይደለም።

ከፍታው ግን የራሱ ጣጣ አለው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ባቄላ ሳይበስል የሚቆየው ውኃ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ ነው፣ ምክንያቱም አየሩ ስስ ነው። ማሽኑንም ያው ስስ አየር ያገኘዋል። ፋኑ እንደ ባሕር ዳርቻ አገር ይዞራል፣ የሚያመጣው አየር ግን ከ4 እጅ አንዱን ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ የጎደለ ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ጉልበት ሙሉ በሙሉ አትጠብቁ፤ አዲስ የምትገዙም ለክፍላችሁ ልክ ከሚባለው አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ያዙ። አየሩ ከመነሻው የጎደለ ነውና በላዩ ላይ ጆንያና ኩበት ሲጨመር ምን እንደሚሆን አስቡት።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ሪሞቱን እዩ። የፀሐይ ምልክት መሆን አለበት። የበረዶ ወይም የጠብታ ምልክት ላይ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቀዘቅዝላችሁ ያድራል፣ ይሄ ደግሞ ከምትገምቱት በላይ ያጋጥማል። 30 ላይ መስቀልም ቶሎ አያሞቅም። 20 ወይም 21 ላይ አድርጉና ተዉት። ስትከፍቱት ለጥቂት ደቂቃ አየር ባይነፋ አትደንግጡ፣ ቀዝቃዛ አየር እንዳይለቅባችሁ ራሱን እያሞቀ ነው። አየር የሚወጣበትን መክደኛ ወደ ታች አዙሩት፤ ሙቀት በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል። የሚወጣው አየር እንደ ከሰል እጅ የሚለበልብ እንዳይመስላችሁ። ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ከሆነ በደንብ እየሠራ ነው።

ከዚያ ውጡና ውጭ ያለውን ክፍል ዙሩት። ከጀርባው ቢያንስ አንድ ስንዝር፣ ከፊቱ ደግሞ አንድ ሰው ቆሞ የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ያስፈልገዋል። ሸራ፣ ጆንያ፣ ጭድ፣ የታጠበ ልብስ፣ ምንም አይጠጋው። ዝናብ ካሳሰባችሁ ከላዩ ቆርቆሮ በርቀት አድርጉለት፣ ጎኑ ግን ክፍት ይሁን። መሬት ላይ ከተቀመጠም በብረት መቆሚያ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጉት፣ ምክንያቱም ከሆዱ የሚንጠባጠበው ውኃ ሌሊት ሥሩ ላይ ይረጋና እያደር ወደ ላይ ይወጣል።

ስለ በረዶው ትንሽ ላቆያችሁ፣ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነውና። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዤ ወጥቼ አጠገቡ ቆሜ አይቼዋለሁ። ቀጫጭኖቹ የአሉሚኒየም ክንፎች ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስሉ ነበር። ትንሽ ቆየና «ፍሽ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ፋኑ ቆመ፣ ነጩ ነገር ከታች ጀምሮ ግራጫ እየሆነ ሄደ፣ ውኃ መንጠባጠብ ጀመረ፣ ከዚያ እንፋሎት ቡልቅ ብሎ በባትሪው ብርሃን ውስጥ ወጣ። 8 ደቂቃ ገደማ ፈጀ። ከዚያ ፋኑ ተነሳ፣ ሥራው ቀጠለ። ይሄ ብልሽት አይደለም። ማሽኑ ራሱ ላይ የጋገረውን ውርጭ በገዛ ሙቀቱ እያቀለጠ ነው፤ በዚያን ጊዜ ቤት ውስጥ ያለው ፋንም ዝም ይላል። ጣርማበር ጉሙ ሲወርድ፣ ወይም ክረምት አየሩ ውኃ አዝሎ ሲበርድ፣ ይሄ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ አየሩ ዜሮ ባይደርስም 4 ወይም 5 ዲግሪ ላይ ክንፎቹ ከዜሮ በታች ስለሚወርዱ።

ችግር የሚባለው በረዶው ሰዓታት አልፈውም ሳይለቅ እንደ ድንጋይ ሲወፍር ነው። ያኔ ማሽኑን አጥፉትና ፀሐይ ይውጣለት። በቢላ አትፈቅፍቁት፣ ክንፉ ይታጠፋል፣ ቧንቧውም ይበሳል። የፈላ ውኃም አትድፉበት። ሲቀልጥ ከሥር ያለችው የውኃ መውጫ ቀዳዳ በቅጠልና በአቧራ ተደፍና እንደሆነ እዩ። ከተጠረገም በኋላ በረዶው እየጋገረ ከቀጠለ፣ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ወይም የጋዙን አቅጣጫ የሚቀይረው ቫልቭ ነው፣ እሱ የባለሙያ ሥራ ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ፊልተሩ አለ። ክዳኑን ወደ ላይ ስታነሱት ወንፊት የመሰለ ነገር ታገኛላችሁ። የእማዬን ሳወጣው በጣቴ ሳብ ባደርገው እንደ ስስ ጨርቅ ተላጠ፤ የቡና ጭስ፣ ዕጣን፣ የበጋ አቧራ አንድ ላይ ተጋግሮበት። ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ ጥላ ላይ ይድረቅ። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ብታጥቡት ይበቃል።

መብራቱንም አትርሱ። ማታ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ሁሉም ምጣድ ሲጥድ ቮልቱ ይወርዳል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል። ስታቢላይዘር ካላችሁ የሚገባውን ቮልት ያሳያችኋል፤ ከ198 በታች ከሆነ ከ220ው አሥር ፐርሰንት ጎድሏል ማለት ነው፣ ማሽኑ ደከመ ብላችሁ ጋዝ አታስሞሉ። ኤሲው ከምጣዱ ጋር በአንድ መስመር አይሁን፣ የራሱ ብሬከር ይኑረው። መብራት ሄዶ ሲመጣም ለጥቂት ደቂቃ አሳርፉት።

ቤቱ ራሱ ሙቀት የሚያፈስ ከሆነ ምንም ማሽን አይችለውም። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ማሞቅ በተበሳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። በሩ ሥር ጨርቅ፣ የላሜራ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ስፖንጅ፣ ማታ ወፍራም መጋረጃ። ወጪው ትንሽ ነው፣ ለውጡ ግን በዚያችው ሌሊት ይታወቃል።

አንድ ነገር በጣም አደራ። ማሽኑ እንቢ ባለ ሌሊት የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብታችሁ በር አትዝጉ። ጭሱ ባይታይም፣ ሽታው ባይሰማም ይገድላል። ብርድ ልብስ ደርባችሁ እደሩ።

ወደ ጋዙ ልምጣ። ጋዝ እንደ ቡታጋዝ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ። ይህን ለመለየት ቀን 7 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳለ ሞክሩት። ሩብ ሰዓት አስኬዱና ቤት ውስጥ ባለው ክፍል በላዩ የሚገባውንና በታች የሚወጣውን አየር በቴርሞሜትር ለኩ። ልዩነቱ 15 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ የሌሊቱ ችግር አየር ወይም መብራት ወይም ቤቱ ነው። ንጹሕ ፊልተርና ደህና መብራት እያለ ቀንም ከ10 በታች ከሆነ፣ የውጪው ክፍል ክንፎችም ከፊላቸው ብቻ ነጭ ከሆኑ፣ የቧንቧው መጋጠሚያ ላይም ዘይት ከታየ፣ እውነትም ፈሷል። ያኔ የሚመጣውን ሰው መጀመሪያ ቀዳዳውን እንዲፈልግ፣ ከዚያ ቧንቧው ውስጥ የገባውን አየር በቫኪዩም ስቦ እንዲያጸዳው፣ በመጨረሻም በሚዛን እንዲሞላው ጠይቁት። ልኩ በግራም የውጪው ክፍል ጎን ላይ ተለጥፏል።

የእማዬ ማሽን ጆንያው ተነስቶለትም ሌሊት አልፎ አልፎ ራሱን ያጠፋ ነበር። ሦስተኛ የመጣው ልጅ ሚዛን ይዞ ነው የመጣው። ጋዙን ወደ ሲሊንደር መልሶ ሲመዝነው ከልኩ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ምንም ሳይጎድል ሁለት ጊዜ ተጨምሮበት ኖሯል። ልኩን መልሶ ሞላ፣ መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ፈተሸ፣ ከዚያ ክዳኑ ውስጥ በማርከር ግራሙንና ቀኑን ጻፈበት።