ዳላት ወይስ ሪሽ? ሱርስትን በኮምፒውተር ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሱርስት (በሶርያ አብያተ ክርስቲያናት ጥንታዊ ቋንቋ) ፊደል ዳላትና ሪሽ መንታ ናቸው። የምትለያቸው አንዲት ነጥብ ናት። ከታች ከሆነች ዳላት፣ ከላይ ከሆነች ሪሽ። መዝሙር 118ን ያነበበ ሰው የዕብራይስጥ ዘመዶቻቸውን ዳሌጥና ሬስ ብሎ ያውቃቸዋል። ሱርስቱ «ዕበድ» ሲል «አደረገ» ማለቱ ነው (ስድብ እንዳይመስላችሁ)። ነጥቧን ወደ ላይ ብታወጧት «ዕበር» ይሆናል፤ «አለፈ»።

የሱርስት ፊደል ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት) ውስጥ የገባው ከእኛው ፊደል ጋር በአንድ እትም ነው፤ በ3.0፣ በ1999 እንደ ፈረንጆቹ። ዳላት 0715 ቁጥር ላይ ተቀመጠች። ጣጣው የሚጀምረው ከጎኗ፣ 0716 ላይ፣ ነጥብ የሌላት ፊደል ስላለች ነው።

ጀማሪ ይቺን ሲያይ «አጥንቱ ይኸው፣ ነጥቡን እኔ እጨምራለሁ» ይላል። የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው። ስክሪኑ ላይ ልክ ይመስላል። ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ፊደል ነው፤ ዩኒኮድም ሁለቱን አንድ አድርጎ አይቆጥራቸውም። ነገ «ዕበድ» ብላችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም። «ሉ»ን ለመጻፍ «ለ» ላይ ሰረዝ እንደ መለጠፍ ነው። የድሮው የአማርኛ ታይፕራይተር እንዲያ ያደርግ ነበር፤ ወረቀት ደግሞ ፍለጋ አያውቅም።

ታዲያ 0716 ለምን ተፈጠረች? በኤዴሳ (በዛሬዋ ቱርክ ባለች ጥንታዊ የሱርስት ከተማ) አካባቢ በተገኙ ጥንታዊ የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ሁለቱ ፊደላት ያለ ነጥብ አንድ ዓይነት ናቸው። ድንጋዩ ላይ ያለውን እንዳለ መገልበጥ የፈለገ ሰው እሷን ይጠቀማል። እዚህ ላይ ተቃራኒው ስህተት አለ። ነጥብ የሌለውን ጽሑፍ ሲገለብጡ ዝም ብሎ ዳላት ወይም ሪሽ ማድረግ። ያኔ ድንጋዩ ያላለውን አስባላችሁት። ግምታችሁን ከፈለጋችሁ ግርጌ ላይ ጻፉት።

ሌላው የብዙ ቁጥር ምልክት ነው፤ ስያሜ ይሉታል። «ጡራ» ተራራ ነው፣ «ጡሬ» ተራሮች። የተጻፉት ፊደላት ያው ናቸው፤ ብዙ መሆኑን የሚነግሩን ከላይ የሚቀመጡ ሁለት ነጥቦች ናቸው። ሰው እነዚህን በሱርስት ሰንጠረዥ ውስጥ ሲፈልግ ያጣቸዋል። ከዚያ 0735ን ያገኝና «ይኸው!» ይላል። አይደለም። እሱ የምሥራቅ ሶርያውያን አናባቢ ምልክት ነው። ስያሜ የሚጻፈው በ0308 ነው፣ ጀርመንኛ ፊደል ላይ በምናያቸው በእነዚያው ሁለት ነጥቦች።

ስያሜ ሪሽ ላይ ሲያርፍ ደግሞ የራሷ ነጥብ ከሁለቱ ጋር ትዋሃዳለች። የሚታየው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። አንዳንዱ ሦስት ነጥብ እንዳይታይበት ፈርቶ ሪሽን በ0716 ይተካል። አያስፈልግም። ሪሽን ጻፉ፣ 0308ን አስከትሉ፤ ነጥብ ማዋሃዱ የፎንቱ ሥራ ነው። ፎንቱ ካልቻለ ፎንቱን ቀይሩ እንጂ ፊደሉን አትንኩ።

ሦስቱ የሱርስት የአጻጻፍ ዓይነቶች፣ ኤስጥራንጌሎ፣ ሰርጦና የምሥራቁ፣ ለየብቻ ቁጥር አላቸው ብሎ መፈለግም ትርፉ ድካም ነው። የፎንት ልዩነት ናቸው። ከቀኝ ወደ ግራ ማስኬድ የማይችል ፕሮግራም ገጥሟችሁ ቃሉን ከኋላ ወደፊት መጻፍስ? በፍጹም። ሌላ ቦታ ስትለጥፉት ተገልብጦ ይጠብቃችኋል።

የጻፋችሁትን ለመፈተሽ ቀላል ዘዴ አለ። ጠቋሚውን ከስያሜው ቀጥሎ አድርጉና ማጥፊያውን አንዴ ተጫኑ። በብዙ ፕሮግራሞች ሁለቱ ነጥቦች ብቻ ይጠፋሉ። የሪሽ የራሷ ነጥብ ተመልሳ ብቅ ካለች ደኅና ናችሁ። ፊደሏ ራቁቷን ከቀረች የጻፋችሁት 0716ን ነው።