ቁርአንን በቋንቋ በኩል ስንረዳ የምንሳሳትባቸው ቦታዎች

ድሬ ላይ ከመግሪብ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ተፍሲር (የቁርአን ማብራሪያ) እናነባለን። የምንሳሳተው ብዙ ጊዜ እነዚሁ ቦታዎች ላይ ነው።

የመጀመሪያው የዛሬን ዐረብኛ ወደ ኋላ መውሰድ ነው። በሱረቱ ዩሱፍ 19ኛው አያ (አንቀጽ) ላይ «ሰያራ» መጣ ይላል። አንዱ ልጅ ስልኩ ላይ ቃሉን ቢፈልግ «መኪና» አለውና ግራ ገባው። ያኔ ግን ቃሉ ቅፍለት ማለት ነበር፤ እንደኛ ሲራራ ነጋዴ።

የቃሉን ስር ብቻ ይዞ መንጎድም አለ። የ«ኩፍር» (ክህደት) ስር መሸፈን ነው። በሱረቱል ሐዲድ 20ኛው አያ ላይ «ኩፋር» የሚለውን ብዙ ሙፈሲሮች (የተፍሲር ሊቃውንት) ገበሬዎች ብለው ፈትተውታል፤ ዘሩን አፈር ያለብሱታላ! ይህን ይዞ ሌላውንም ቦታ ሁሉ «ገበሬ» ማለት ግን አይሆንም። ጃፓናዊው የቁርአን ተመራማሪ ቶሺሂኮ ኢዙትሱ እንዳሳየው፣ ኩፍር በደንብ የሚገባን ከሹክር (ምስጋና) እና ከኢማን (እምነት) ትይዩ ስናየው ነው። ቃልን ጎረቤቶቹ ይፈቱታል።

«ይሄ የፈረንጅ ፈሊጥ ነው» ብሎ መዝጋትም ልክ አይደለም። በ1078 (እ.ኤ.አ.) ያረፈው የዐረብኛ ሰዋስው ሊቅ አል-ጁርጃኒ ስለ ቃላት አሰካክ በጥልቀት ጽፏል። በግብፅ አሚን አል-ኹሊ መንገዱን አደሰው። ባለቤቱና ተማሪው ዓኢሻ ዐብዱረሕማን ደግሞ አንድ ቃል በቁርአን ውስጥ የመጣበትን ቦታ ሁሉ ሰብስባ ታይ ነበር። እኔ የምወደው ይህን ትዕግስቷን ነው። እሷን ከሶሪያዊው ኢንጂነር ሙሐመድ ሻሕሩር ጋር በአንድ ከረጢት መክተትም ስህተት ነው። ሁለቱም «ፍጹም አቻ ቃል የለም» ቢሉም፣ የደረሱበት ለየቅል ነው።

ለእኛ ለሐበሾች የባሰው ፈተና «ሚሽካት» ነው፤ ሱረቱ ኑር፣ 35ኛው አያ። ስንሰማው «መስኮት!» እንላለን። ዝምድናው አለ፤ የቀድሞው ሊቅ ሱዩጢም ከሐበሻ ቋንቋ ከመጡት ቃላት ጋር ቆጥሮታል። ግን በአያው ውስጥ ፋኖስ የሚቀመጥበት፣ ወደ ውጭ ያልተበሳ የግድግዳ ጎድጓዳ ነው።

ጀጎል ውስጥ የቆየ የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። አንድ ማታ ጓደኛዬ ቤት ሳለን መብራት ጠፋ። እናቱ ሻማ ለኮሱና ዕቃ ከሚደረደርበት ጎድጓዳ ውስጥ አንዱን ባዶ አድርገው እዚያ አኖሩት። ነፋስ አልነካውም። ብርሃኑ ከኋላው ግድግዳ ተመልሶ ወደኛ መጣ፤ ምንጣፉም፣ የተደረደረው ሰሃንም ታየ። አሁን አያውን ስንቀራ «መስኮት» የሚል ካለ፣ የምነግረው ስለዚያ ግድግዳ ነው።