የትዳር ጓደኛን ወደ ውጭ ለመውሰድ ሲታሰብ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ባሏ ከውጭ ደውሎ «ፕሮሰስ ጀምሬያለሁ» ያላት የሰበታ፣ የቡራዩ ወይም የለገጣፎ ሴት ብዙ ጊዜ የምትጉላላው ኤምባሲ ከልክሏት ሳይሆን ወረቀቶቿ እርስ በርስ ስለማይስማሙ ነው። ሚስቱ ውጭ ያለች ባልም እንዲሁ።

ከሁሉ የከፋው የስም ነገር ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ላይ «ኃይለማርያም» ተጋጥሞ ተጽፏል፤ ፓስፖርቱ ላይ «ኃይለ» ለብቻ፣ «ማርያም» ለብቻ ወጥቷል። እኛ አንድ ስም እንደሆነ እናውቃለን። ፋይሉን የሚያየው የውጭ አገር ሠራተኛ ግን «ማርያም»ን የአባት ስም ያደርገዋል፣ አባት ወደ አያት ቦታ ይገፋል፣ በቃ ሌላ ሰው ሆነ። «ምን አላት፣ ያልፋል» ብሎ ማኅተም ማስመታት መጀመር ገንዘብም ወራትም ያስበላል፤ ስህተቱ ኤምባሲ ደርሶ ሲታይ ሥራው ከታች እንደ አዲስ ይጀመራልና። እባካችሁ አንድም ቢሮ ሳትሄዱ የሁለታችሁን ፓስፖርት ከምስክር ወረቀቱ ጎን ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ፣ በቃላት መካከል ያለውን ክፍተት ጭምር። መለኪያው ፓስፖርቱ ነው። እርማት የሚጠየቀው ወረቀቱን የሰጠው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት እንጂ ትርጉም ቤት አይደለም። ተርጓሚው «ላስተካክልላችሁ» ካለ እሺ አትበሉ፤ ትርጉሙ ከዋናው ሲለይ ማጭበርበር ይመስላል።

ቀንን ከእኛ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር በግምት መቀየርም ያው ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2008 ዲሴምበር 20፣ 2015 ነው፤ በዓመቱ ታኅሣሥ 10 ቀን 2009 ግን ዲሴምበር 19፣ 2016 ይሆናል፣ የ2007 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበራት። ከጃንዋሪ 1 እስከ እንቁጣጣሽ ድረስ ደግሞ የዓመቱ ልዩነት 7 ሳይሆን 8 ዓመት ነው።

ዋናውን ወረቀት ላሚኔት አታስደርጉ፤ ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ ይጠፋል።

ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፦ ወሳኝ ኩነት፣ ትርጉም ካስፈለገ ትርጉም፣ ሰነዶች ማረጋገጫ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በመጨረሻ ኤምባሲ። ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት እንደ ሰበታ፣ ቡራዩና ለገጣፎ ያሉት የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች አስተዳደር ተቀይሯል። በድሮው ስም የወጣ ወረቀት ያለው ሰው መሃል ከተማ ከመውረዱ በፊት መታደስ እንዳለበት እዚያው ሰፈሩ ይጠይቅ።

ሙሽራው ውጭ ሆኖ በውክልና መጋባት ሌላው ጣጣ ነው። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሁለቱም በአካል መቅረብ አለባቸው፤ ውክልና የሚፈቀደው በከባድ ምክንያት፣ በፍትሕ ሚኒስቴር በኩል ብቻ ነው። አንዳንድ አገሮችም እንዲህ ያለውን ጋብቻ ጭራሽ አይቀበሉም። ለእረፍት ሲመጣ ይጋቡ፣ እሱ ሳይመለስም ይመዝገብ።

ይህ ሁሉ ድካም የሚከፈለው ውጭ ያለው ሰው መውሰድ የሚችል ከሆነ ነው። ዱባይ ላለ ሰው ወርኃዊ ደመወዙ 4,000 ድርሃም፣ ወይም 3,000 ከነመኖሪያ ቤት መሆን አለበት። እንግሊዝ አገር ከማርች 11፣ 2024 ወዲህ በኬር ወርከር (አረጋውያንንና ሕሙማንን የመንከባከብ ሥራ) ቪዛ የገባ ሰው የትዳር ጓደኛውን በዚያ ቪዛ መውሰድ አይችልም። ጀርመን ለሚሄድ የትዳር ጓደኛ በአብዛኛው የኤ1 (የጀማሪ ደረጃ) የጀርመንኛ ቋንቋ ፈተና ግዴታ ነው፤ ብሉ ካርድ የሚባለውን የባለሙያዎች የመኖሪያ ፈቃድ የያዘ ሰው ሚስት ወይም ባል ግን አይጠየቅም።

የሳንባ ምርመራውን አታስቀድሙት። ለእንግሊዝ የሚሠራው የቲቢ ማረጋገጫ የሚያገለግለው 6 ወር ነው፤ የስም እርማቱ ሳያልቅ ከተመረመራችሁ ቀኑ ያልፍበትና ድጋሚ ትከፍላላችሁ።