ጣና ላይ የውሃው ነጸብራቅ ለሚያስቸግራችሁ

ቀን ላይ ከባሕር ዳር ዳርቻ ጣናን በስልክ ስታነሱ ውሃው ነጭ ሆኖ ይወጣባችኋል? ፖላራይዝድ (ነጸብራቅ የሚያግድ) የፀሐይ መነጽር ካላችሁ አንዱን መስታወት ሌንሱ ላይ አስጠግታችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ብልጭታው ድርግም ይላል። የደንገሉ አገዳ ውሃ ውስጥ የገባበት ድረስ ይታያችኋል፤ በጣም ደስ ይላል!

ከውሃ ላይ ነጥሮ የሚመጣው ብርሃን በአብዛኛው አግድም ነው የሚርገበገበው። መነጽሩ እሱን ለይቶ ያግደዋል። በደንብ የሚሠራው ከውሃው ገጽ 37 ዲግሪ ገደማ አዘቅዝቃችሁ ስታነሱ ነው። ከጀልባ ላይ ቀጥ ብላችሁ ወደ ታች ካነሳችሁ ለውጥ የለውም። ተራ ጥቁር መነጽርም ማጨለም ብቻ ነው ሥራው።

ማለዳ ውሃው ሲረጋ የታንኳውን ምስል ከነነጸብራቁ ከፈለጋችሁት ግን መነጽሩን ከሌንሱ ላይ አውርዱት፤ የምትፈልጉትን ራሱን ነው የሚያጠፋው።