ጉልበት ለሚያመው ሰው የሚስማማ ስፖርት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጉልበትዎን ወይም ወገብዎን እያመመዎት ባሕር ዳር ውስጥ ስፖርት ቤት እያፈላለጉ ከሆነ፣ ብር ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን ይዩ።

ዝላይ ስለሌለው ብቻ ቀላል ነው ብሎ መግባት። ዝላይ በሌለው ኤሮቢክስ ቢያንስ አንድ እግር ሁልጊዜ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ጉልበት አይመታም። ልብ ግን በደንብ ሊመታ ይችላል። የጂም ሳይክልም እንደዚያው ነው፤ ለጉልበት ይራራል፣ ትንፋሽ ግን ያሳጥራል። ለጀማሪ ጥሩው ልክ እየሠሩ ማውራት መቻል፣ መዝፈን ግን አለመቻል ነው። ሳይክልን ካነሳን፣ የባሕር ዳር ሰው ለሳይክል አዲስ ስላልሆነ መቀመጫውን ሳያስተካክል ዘሎ ይወጣል። ዝቅ ያለ መቀመጫ የጉልበትን ፊት ያሳምማል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ በትንሹ ብቻ ይታጠፍ።

ሕመምን መደበቅ። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ መነሻውም ይሉኝታ ነው። ሰው ፊት «ስኳር አለብኝ» ማለት ይከብዳል። ግን አሰልጣኙ ካላወቀ ምን ያድርግ? አጥንቱ የሳሳ ሰው ወገቡን አጥብቆ ማጎንበስና መጠምዘዝ የለበትም፤ ዮጋና ፒላተስ (ሆድና ወገብን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ) ውስጥ ደግሞ ሁለቱም ሞልተዋል። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ያለበት ጭንቅላቱን ወደ ታች ከሚያደርግ እንቅስቃሴ ይራቅ። ነፍሰ ጡር ከመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በኋላ በጀርባዋ ብዙ ባትተኛ ይሻላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ ባዶ ሆዱን ከሠራ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ የሚቆዩ ከሆነ፣ የጠዋቱን ክፍል ከመምረጥዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። ከረሜላም ከቦርሳዎ አይጥፋ።

የውሃ ስፖርት ሲባል ጣና ውስጥ መግባት። የውሃ ስፖርት ለከባድ ሰውነትና ለታመመ ጉልበት ግሩም ነው። እስከ ወገብ የደረሰ ውሃ የሰውነትን ክብደት በግማሽ ያህል ያቀላል። እግር መሬት ስለሚነካም ዋና መቻል ግድ አይደለም። ሐይቁ ዳር ግን ቢልሃርዝያ አለ፤ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል። በክሎሪን የሚታከም መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ይፈልጉ።

ሰዓቱንና ወለሉን አለማየት። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑን ሙቀት ያውቁታል። ማለዳ 12 ሰዓት ይሻላል። ሴራሚክ ወለል ላይ ምንጣፍ ሳያነጥፉ አይሥሩ።

ሕመሙን ሁሉ «እየሠራልኝ ነው» ብሎ መቻል። ጡንቻ ለአንድ ሁለት ቀን ቢያምም ችግር የለውም። መገጣጠሚያ ካበጠ፣ ወይም ከወገብ ተነስቶ እግር የሚያደነዝዝ ሕመም ካለ ግን ያቁሙ፤ ሐኪም ይይዎት።

የ3 ወር ክፍያ በአንዴ መክፈል። ቅናሹ ያጓጓል፣ አውቃለሁ። መጀመሪያ ግን ዳር ላይ ቁጭ ብለው አንድ ክፍለ ጊዜ ይመልከቱ። አሰልጣኙ ዞር ዞር እያለ ሰው ያርማል ወይስ መስታወት ውስጥ ራሱን ያያል? ጉልበቷን ለሚያማት ሴት ሌላ አማራጭ ያሳያታል? አዲስ ሰው ሲመጣ «የሚያምዎት ነገር አለ?» ብሎ የማይጠይቅ ከሆነ፣ ቅናሹ ይቅርብዎት።