ፐርሰንትና ኔጌቲቭ ቁጥር ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ጊዜ ፈተና ላይ -3 + (-5) ስንት ነው ብዬ ጠየቅኩ። ጎበዝ ከምላቸው ተማሪዎች አንዷ 8 ብላ ጻፈች። ጠርቼ "እንዴት 8 ሆነ?" ስላት ቅንጣት ሳታመነታ "ሁለት ኔጌቲቭ ፖዘቲቭ ይሆናል ብለውን የለ ቲቸር?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ብያለሁ። ያውም ክፍሉን ሁሉ በአንድ ድምፅ እያስባልኩ።

ከዚያ ወዲህ ተማሪ ሲሳሳት ቀይ እስክሪብቶ ከማንሳቴ በፊት "ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ እንዴ?" እላለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ አዎ ነው። ከታች ያሉት አብዛኞቹ እኔው ራሴ የሠራኋቸው ናቸው።

ሕጉን መፈክር ማድረግ

"ሁለት ኔጌቲቭ ፖዘቲቭ ይሆናል" የሚሠራው ለማባዛትና ለማካፈል ነው። መደመር ላይ አይሠራም። እኛ ይህን እናውቃለን፣ ልጁ ጭንቅላት ውስጥ የሚቀረው ግን ዜማው ብቻ ነው፤ "ሲባዙ" የምትለዋ ቃል በሁለተኛው ሳምንት ትጠፋለች።

መደመርን በዕዳ አስተምሩ። 3 ዕዳ ያለበት ሰው 5 ዕዳ ቢጨምር 8 ዕዳ አለበት፣ አለቀ። ይሄ አዲስ ዘዴ አይደለም፤ የሕንዱ ሊቅ ብራህማጉፕታ እ.ኤ.አ. በ628 የኔጌቲቭ ቁጥሮችን ሕግ ሲጽፍ ፖዘቲቩን "ሀብት"፣ ኔጌቲቩን "ዕዳ" ብሎ ነው የጠራቸው። ግን የዕዳ ተረት ማባዛት ላይ ሲደርስ ይሰበራል። ዕዳን በዕዳ ማባዛት ምን ማለት ነው? ምንም። እዚህ ጋ ተረቱን በግድ ለመለጠጥ የሚሞክር አስተማሪ ልጆቹንም ራሱንም ያደናግራል። እኔ ተረቱን ትቼ ሰሌዳው ላይ ይህን እጽፋለሁ፦

3 × (-2) = -6
2 × (-2) = -4
1 × (-2) = -2
0 × (-2) = 0

ከዚያ ዝም እላለሁ። ቀጥሎ (-1) × (-2) እንደሚመጣ ያዩታል፣ መልሱ በየመስመሩ በ2 እየጨመረ እንደመጣም ያዩታል። ከኋላ የተቀመጠው ሳይቀር "2!" ይላል። ሕጉን እነሱ ነገሩኝ እንጂ እኔ አልነገርኳቸውም። ራሱ ያገኘውን ሕግ ደግሞ ልጅ የትም ቦታ አይለጥፈውም፣ ከየት እንደመጣ ያውቀዋላ።

አንዷን ሰረዝ በሦስት ስም መጥራት አለመልመድ

7 - 4 ላይ ያለችው ሰረዝ ትእዛዝ ናት፣ ቀንስ ትላለች። -4 ላይ ያለችው የቁጥሩ አካል ናት፣ ከዜሮ በየት በኩል እንዳለ ትናገራለች። -(-4) ላይ ደግሞ የመጀመሪያዋ "ተቃራኒው" ማለት ናት። ሦስቱንም "ማይነስ፣ ማይነስ" እያልን ካነበብን ልጁ ልዩነቱን ከየት ያምጣው? ስለዚህ ስታነቡ ለዩት፦ "ሲቀነስ"፣ "ኔጌቲቭ"፣ "የ... ተቃራኒ"። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን አልጀብራ ሲጀምሩ ነው ጥቅሟ የሚታየው። "-ሀ ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጌቲቭ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ክፍሉ በሙሉ "ኔጌቲቭ!" ይላል። ሀ ራሱ -5 ቢሆንስ? ዝምታ።

የ-3² ነገርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። -3² ማለት -9 ነው፣ (-3)² ግን 9። ቅንፏን ችላ ያለ አስተማሪ በኋላ ስለ ቅንፍ ቢጮህ የሚሰማው የለም።

"ምልክቱን ቀይሩና ደምሩ"

5 - (-3) ሲመጣ "ሰረዟን በመደመር ቀይሩ" ማለት ፈጣን ነው። ልክም ነው። ግን አስማት ነው፣ አስማት ደግሞ ፈተና ላይ ይከዳል። አንዳንዱ ልጅ የመጀመሪያውንም ቁጥር ምልክት ይቀይራል፣ መቀየር ከተባለ ሁሉንም ነዋ!

የሁለት ቀለም ወረቀት ቆርጣችሁ ስጧቸው። ቀዩ +1፣ ጥቁሩ -1። አንድ ቀይና አንድ ጥቁር ሲገናኙ ዜሮ ይሆናሉ። (የጥንት ቻይናዎችም ሲያሰሉ ፖዘቲቩን በቀይ፣ ኔጌቲቩን በጥቁር ዘንግ ነበር የሚያሳዩት፤ ኪሳራን በቀይ የሚጽፍ የዛሬ ሒሳብ ያዥ ቢያየው ግራ ይጋባል።) አሁን 5 ቀይ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አለ። "3 ጥቁር አንሱ" በሏቸው። "የለም እኮ!" ይላሉ። እሰየው፣ የፈለግነው ይህንን ነው። 3 ቀይና 3 ጥቁር አንድ ላይ ጨምሩ፤ የጨመርነው ዜሮ ስለሆነ ምንም አልተለወጠም። አሁን 3ቱን ጥቁር አንሱ። ስንት ቀረ? 8 ቀይ። ይህን በእጁ የሠራ ልጅ ኔጌቲቭን መቀነስ ለምን እንደሚያበዛ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ወረቀቱ ለሰለቸው በርቀት አሳዩት። የኤቨረስት ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 8,849 ሜትር ነው፣ የሙት ባሕር ዳርቻ ደግሞ ከጠለሉ በታች 440 ሜትር ገደማ። ከታች እስከ ላይ ስንት ነው? 8,849 - (-440)፣ ማለትም 9,289። እዚህ ላይ 440ውን ቀንሶ 8,409 የሚል ልጅ ራሱ ይስቃል።

"ትልቅ" የምትለዋን ቃል እንደ ልብ መጠቀም

-8 እና -3 ማን ይበልጣል? -3። ከዜሮ የሚርቀው ግን -8 ነው። "ትልቁ ቁጥር" ስንል የትኛውን ማለታችን እንደሆነ ካልለየን ጥፋቱ የኛ ነው። የቁጥር መስመሩን አንዳንዴ አቁማችሁ ሳሉት፣ እንደ ቴርሞሜትር። ከላይ ያለው ይበልጣል፣ በቃ።

"ከምን?" ሳይሉ ፐርሰንት ማስላት

ወደ ፐርሰንት ስንመጣ የስህተቶች ሁሉ እናት ይህቺ ናት። 20 በመቶ ብቻውን ቁጥር አይደለም፣ የሆነ ነገር 20 በመቶ ነው። መጻሕፍት ውስጥ ያሉት መልመጃዎች ግን ሙሉውን አዘጋጅተው ስለሚሰጡት ልጁ መፈለግ አይለምድም።

እኔ ርዕሱን የምጀምረው በውርርድ ነው። "100 ነጥብ አለኝ። በ20 በመቶ ጨመረልኝ፣ ከዚያ በ20 በመቶ ተቀነሰብኝ። ስንት ቀረኝ?" ሁሉም 100 ይላል። አስሉት ብለን ስናሰላ 100 ወደ 120 ይወጣል፣ ከዚያ የሚቀነሰው የ120 ሃያ በመቶ፣ ማለትም 24 ነው። 96 ቀረ። አራቷ የት ገባች? ሁለቱ "20 በመቶ" የተለያየ ነገር 20 በመቶ ናቸው። "እሺ መጀመሪያ ተቀንሶ ቢጨመርስ?" ብላችሁ አስከትሉ፤ አሁንም 96 ነው፣ ይሄ ደግሞ ሌላ ጭቅጭቅ ይከፍታል፤ የሚከፈተው ጭቅጭቅ ከአሥር መልመጃ ይበልጣል።

የተገላቢጦሹም እዚሁ ነው የሚያጠምዳቸው። የአንድ ክበብ አባላት በ20 በመቶ ቀንሰው 80 ቀሩ፣ በፊት ስንት ነበሩ? የ80ን 20 በመቶ ደምሮ 96 የሚለው ብዙ ነው። 80ው ራሱ የቀድሞው 80 በመቶ መሆኑን በአንድ ረዥም አራት ማዕዘን፣ አምስት ቦታ ከፍላችሁ፣ አንዱን አጥቁራችሁ ብታሳዩ ከቀመር ይሻላል። አራቱ ክፍል 80 ከሆነ አንዱ 20፣ አምስቱ 100።

ከመቶው ሳጥን አለመውጣት

መቶ ቤት ያለው ሳጥን ስሎ 37ቱን ማቅለም ለመጀመሪያው ቀን ግሩም ነው። ለአንድ ወር ከዘለቀ ግን ልጁ ፐርሰንት ከመቶ እንደማያልፍ ይደመድማል። 130 በመቶን የት ያቅልመው? በሌላ በኩል 0.5 በመቶ ሲያይ "ግማሽ" ይላል፣ 0.005 መሆኑ አይታየውም። "ነጥቡን ሁለት ቤት ውሰድ" የምትለዋ ምክርም አታድነውም፤ ወደ የት እንደሆነ ይረሳል።

በጭንቅላት ይሥሩ። የ60 ሠላሳ አምስት በመቶ? 10 በመቶው 6 ነው፣ 30ው 18፣ 5ቱ 3፣ ድምሩ 21። ካልኩሌተር ከዚህ በኋላ ይምጣ። አንዲት የምወዳት ብልሃትም አለች፦ የ50 አሥራ ስምንት በመቶ ከከበዳቸው ገልብጠው የ18 ሃምሳ በመቶ ይበሉት። 9።

ከ40 በመቶ ወደ 50 በመቶ ሲኬድ ጭማሪው 10 የመቶኛ ነጥብ ነው፣ በፐርሰንት ግን 25 በመቶ። ዜና የሚያነብ ልጅ ይህን ማወቅ አለበት፤ አንዳንድ ዜና ጸሐፊም ቢያውቅ አይጎዳም።

ሁለቱን ርዕሶች ሳያገናኙ ማለፍ

ኔጌቲቭ በአንድ ምዕራፍ፣ ፐርሰንት በሌላ ምዕራፍ፣ መሀላቸው ግድግዳ። ለውጥን ግን ያለ ሁለቱም መግለጽ አይቻልም፦ ከ50 ወደ 40 የ-20 በመቶ ለውጥ ነው፣ ከ40 ወደ 50 የ+25።

እኔ ላገናኝ ብዬ ደግሞ ሌላ ጉድ ሠራሁ። "የሙቀት መጠኑ ከ-4 ወደ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ አለ። በስንት በመቶ ጨመረ?" ብዬ መልመጃ አወጣሁ። አንዱ ልጅ ቀመሩን በትክክል ተጠቅሞ 8ን ለ-4 አካፈለና "-200 በመቶ" ብሎ መጣ። ሙቀቱ ጨምሯል፣ መልሱ ቀነሰ ይላል! ስሌቱ ላይ እንከን የለም። ስህተቱ ጥያቄው ነው። የሴልሺየስ ዜሮ ውሃ በረዶ የሚሆንበት ምልክት እንጂ "ምንም ሙቀት የለም" ማለት ስላልሆነ እዚያ ላይ ፐርሰንት መሬት የለውም። ከ10 ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ "100 በመቶ" ብትሉት ያው አየር በፋራናይት ከ50 ወደ 68 ነው የሄደው፣ 36 በመቶ።

ጥያቄውን ያኔ አፍሬ ሰረዝኩት። አሁን መልሼ አስገብቼዋለሁ፣ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሬ፦ "ይህ ጥያቄ ትርጉም አለው? ከሌለው ለምን?"