አቮካዶው ሴሊኒየም አልጠየቀም

የአቮካዶ ቅጠል ቢጫ ሲሆን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ «ማዕድን አንሶት ነው» ይላል። ሌላው ስልኩን አውጥቶ ሴሊኒየም ስለሚባለው ማዕድን ያነበበውን ያሳያል። አንድ ጎረቤቴማ እህቱ ከአሜሪካ የላከችለትን የሴሊኒየም ክኒን በውሃ በጥብጦ ግንዱ ሥር አፈሰሰው። ስህተቶቹን ከሱ እንጀምር።

ክኒን ማፍሰስ። አንዱ ክኒን 200 ማይክሮ ግራም ነበር። አፈር ግን በአማካይ በኪሎ 0.4 ሚሊ ግራም ገደማ ሴሊኒየም አለው። አንድ ካሬ ሜትር መሬት 20 ሴንቲ ሜትር ብትቆፍሩ ሩብ ቶን ያህል አፈር ይወጣዋል። እዚያች ላይ ብቻ 100 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የ500 ክኒን ያህል ሴሊኒየም አለ ማለት ነው። ደግሞስ እህቱ የላከችው ለሱ እንጂ ለዛፉ አልነበረም።

ቢጫ ቅጠልን ሴሊኒየም ላይ ማላከክ። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሴሊኒየም ለሰውም ለከብትም የግድ ያስፈልጋል። የፍራፍሬ ዛፍ ግን ያለሱ ማደግ እንደማይችል የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ናይትሮጅን ሲጎድል ቢጫነቱ ከአሮጌዎቹ ቅጠሎች ይጀምራል። ብረት ሲጎድል ደግሞ ለጋዎቹ ይቀድማሉ፤ የቅጠሉ ደም ሥር አረንጓዴ እንደሆነ መሃል መሃሉ ይገረጣል። ይህ ኖራ በበዛበት አፈር ላይ የተለመደ ነው። አቮካዶ ከሆነ ግን ከሁሉም በፊት ውሃውን እዩ። ክረምት ላይ ውሃ በሚያቁር ዋልካ መሬት ሥሩ አየር ያጣል፣ ከዚያም ይበሰብሳል። ሥሩ የበሰበሰ ዛፍ ማዳበሪያ ቢከመርበትም አይወስደውም። የሚያድነው ቦይ ነው።

«አፈሩ ውስጥ ካለ ዛፉ ያገኘዋል» ማለትም ያሳስታል። አሲዳማ በሆነ ቀይ አፈር ውስጥ የብረትና የአሉሚኒየም ውህዶች ሴሊኒየሙን ጨብጠው ይይዙታል። አየር በሚያገኝና አሲድነት በሌለው አፈር ግን ሴሌኔት ወደሚባለው መልክ ይቀየርና በውሃ ይሟሟል፤ ሥርም በቀላሉ ይስበዋል። በአገራችን የእህል ናሙና ተሰብስቦ ሲለካ የምዕራብ አማራ ጤፍ ሴሊኒየሙ ዝቅ ያለ፣ የስምጥ ሸለቆው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። የተለካው እህል እንጂ ፍራፍሬ አይደለም። አፈሩ ግን ያው አፈር ነው።

ማዳበሪያም ነገሩን ይለውጠዋል። ሴሌኔት ወደ ሥር የሚገባው ሰልፈር በሚገባበት በር ነው። ኤን ፒ ኤስ የሚባለውን ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ ስትጨምሩ ሰልፈሩ በሩን ያጣብብበታል።

ትንሹ ከጠቀመ ብዙው ይበልጥ ይጠቅማል ብሎ ማሰብ። እጅግ ጥቂት ሴሊኒየም አንዳንድ ተክሎች ድርቅን እንዲቋቋሙ እንደሚያግዝ በሙከራ ታይቷል። መጠኑ ሲያልፍ ግን ተክሉ ከሰልፈር ጋር ያምታታዋል፤ በሰልፈሩ ቦታ ፕሮቲኑ ውስጥ ይከተዋል። ፕሮቲኑ ይበላሻል፣ እድገቱ ይቀጭጫል፣ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል። አያችሁ፣ ያንኑ ቢጫ ልታድኑ ሄዳችሁ ያንኑ ቢጫ ታመጣላችሁ። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በአገር ደረጃ ማዳበሪያ ውስጥ ሴሊኒየም ትጨምራለች። ያውም ለሕዝቧ ጤና ብላ እንጂ ለዛፍ አስባ አይደለም። በኪሎ ማዳበሪያ 16 ሚሊ ግራም ለእህል ተብሎ ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ 6 ወረደ። በሚሊ ግራም እየተለካ፣ እየተመረመረ ነው የሚሠራው። የሚጨመረው የሴሊኒየም ጨው ራሱ መርዝ ነው። ጓሮ ውስጥ በማንኪያ የሚበጠበጥ ነገር አይደለም።

ከፍሬው ብዙ ሴሊኒየም መጠበቅም አለ። ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ኮክ በተፈጥሯቸው ያላቸው በጣም ጥቂት ነው። የብራዚል ነት የሚባለው ብቻ ለየት ይላል፤ አንዳንዴ አንዷ ፍሬ ለአዋቂ ሰው ለቀኑ ከሚያስፈልገው 55 ማይክሮ ግራም ታልፋለች። እኛ ጓሮ ስለማይበቅል እንቁላልና ዓሣ ይቀርበናል።

ጎረቤቴ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ በስንት ጭቅጭቅ ቦይ ቀደደ። ዛፉ አሁን አዲስ ቅጠል አውጥቷል፣ አረንጓዴ። ጎረቤቴ ግን ክኒኑ ነው ያዳነው እያለ ነው።